ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ስንት ኮር ይበቃዋል? የሲፒዩ ድልድል ደረጃ በደረጃ

አዲስ ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም፣ ማለትም በሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ሲፈጠር «ስንት ኮር?» የሚል ሳጥን ይመጣል፤ አብዛኛው ሰው 4 ወይም 8 ጽፎ ያልፈዋል። ሰርቨሩ ገና ባዶ ሳለ ይህ ማንንም አይጎዳም። አሥረኛው ቪኤም ሲጨመር ግን ከሒሳብ ክፍል «ሲስተሙ ስታክ አደረገ» የሚል ስልክ መደወል ይጀምራል፤ የሆስቱን፣ ማለትም ቪኤሞቹን የሚሸከመውን ሰርቨር፣ የሲፒዩ ግራፍ ሲያዩት ደግሞ ግማሽ እንኳ አልሞላም። በዚህ ጊዜ የተለመደው ስሕተት ለተጎተተው ቪኤም ተጨማሪ ኮር መስጠት ነው። ያኔ ይባስ ብሎ ይንቀራፈፋል።

የሚከተለው አሠራር ከቆጠራ ተነሥቶ እስከ ክትትል ይሄዳል። ምሳሌዎቹ በዋናነት ፕሮክስሞክስ የሚባለውን የቪኤም መፍጠሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የተከተሉ ናቸው፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ቪኤምዌርና ሃይፐር-ቪ የሚለዩበት ቦታ ላይ ልዩነቱ ተጠቅሷል። ሐሳቡ በሦስቱም አንድ ነው፦ በትንሹ መጀመር፣ ወረፋውን መለካት፣ ልኬቱ ሲያስገድድ ብቻ መጨመር።

በቅድሚያ፦ ቪሲፒዩ ኮር አይደለም

ለቪኤም የሚሰጥ ቪሲፒዩ (ቨርቹዋል ሲፒዩ) ከሰርቨሩ ተቆርሶ የተሰጠ ኮር ሳይሆን ወረፋ የመያዝ መብት ነው። ፕሮክስሞክስ በሚሠራበት በኬቪኤም (የሊኑክስ የቪኤም ማስኬጃ) ላይ እያንዳንዱ ቪሲፒዩ በሆስቱ ሊኑክስ ዓይን አንድ ተራ ትሬድ፣ ማለትም ለብቻው የሚሠራ የሥራ ክር ነው። የሊኑክሱ ስኬጁለር (ተራ ሰጪው) ከሌሎቹ ትሬዶች ጋር እያፈራረቀ እውነተኛው ኮር ላይ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ስለዚህ 8 ቪሲፒዩ ሰጠን ማለት ያ ቪኤም በአንድ ጊዜ ስምንት ቦታ ወረፋ ሊይዝ ይችላል ማለት እንጂ ስምንት ኮር የራሱ ሆነ ማለት አይደለም።

ወረፋ ካልን የታክሲ ሰልፍ ይታሰብ። ሁለት ሆነው የመጡ ሰዎች በመጣው ሚኒባስ ውስጥ ያገኙት ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ስምንት ሆነው «አንለያይም» የሚሉት ግን ስምንት ክፍት ወንበር እስኪገኝ ቆመው ታክሲ ያሳልፋሉ። የጥንቱ የቪኤምዌር ኢኤስኤክስ 2 እንዲህ ነበር የሚሠራው፦ የአንድ ቪኤም ቪሲፒዩዎች በሙሉ አብረው ካልተሳፈሩ አንዱም አይሄድም። ከኢኤስኤክስ 3 ጀምሮ ሕጉ ላልቷል፤ ተለያይተው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ነገር ግን አንዱ ከወንድሞቹ በጣም ከቀደመ እስኪደርሱበት እንዲቆም ይደረጋል። ይህ መቆም «ኮ-ስቶፕ» ይባላል፤ ደረጃ 7 ላይ እንለካዋለን።

ኬቪኤም አብሮ የማሳፈር ሕግ የለውም። ቅጣቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው። በቪኤሙ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አንድን ቁልፍ፣ ማለትም ሌሎች እስኪለቀቅ የሚጠብቁትን መቆለፊያ የያዘ ቪሲፒዩ ሥራ ላይ እያለ በሆስቱ ከኮር ሊወርድ ይችላል። ያን ቁልፍ የሚፈልጉት ሌሎቹ ቪሲፒዩዎች ባሉበት እየተሽከረከሩ ይጠብቃሉ፤ ኮር ይዘዋል፣ ሥራ ግን አልሠሩም። ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ይህን ባዶ መሽከርከር አይተው ቪሲፒዩውን የሚያስወርዱበት ዘዴ አላቸው፤ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የቪሲፒዩ ቁጥር በበዛ መጠን ይህ አጋጣሚም ይበዛል።

ሦስተኛው ጉዳት ብዙም አይወራለትም፦ ፕሮግራሞች ያዩትን የኮር ቁጥር አምነው ራሳቸውን ይመትራሉ። የዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ የሠራተኛ ሂደቱ ቁጥር «አውቶ» ላይ ከሆነ በኮር ልክ ይከፍታል። ጃቫም ቆሻሻ ሰብሳቢ (ያበቃለትን ሜሞሪ የሚያስለቅቁ) ትሬዶቹን የሚያበዛው በሚያየው ኮር መሠረት ነው። ስምንት ኮር ያለው መስሎት ስምንት ትሬድ ያስነሣል፤ ሆስቱ ግን በዚያ ቅጽበት ሦስቱን ብቻ ነው የሚያሳፍረው። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ደረጃ 1፦ ያለውን መቁጠር

ምሳሌ እንያዝ። ሁለት ኢንቴል ዚዮን ጎልድ 6130 ፕሮሰሰርና 256 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር አለን። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 16 ኮርና 32 ትሬድ (እዚህ ላይ ኮሩ ሥራ የሚቀበልበት መስመር) አለው። መነሻ ፍጥነቱ 2.1 ጊጋኸርዝ ሲሆን ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ እስከ 3.7 ይወጣል። የፕሮክስሞክስ ማጠቃለያ ገጽ ላይ «64 ሲፒዩ» ተብሎ ይታያል። ያ ቁጥር ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው። እውነተኛው ኮር 32 ነው፤ ቀሪው 32 የሃይፐርትሬዲንግ ትሬድ ነው።

ሃይፐርትሬዲንግ አንድን ኮር ሁለት አያደርገውም። አንዱ ትሬድ ከራም ዳታ ሲጠብቅ ሌላው በኮሩ ክፍሎች እንዲጠቀም ያደርጋል። እንደ ሥራው ጠባይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ተጨማሪ ሥራ ይገኝበታል፣ አንዳንዴ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ድልድሉን በ32 ይሥሩ፤ ትሬዶቹን እንደ መጠባበቂያ ይዩአቸው። ቁጥሩን ለማረጋገጥ በሆስቱ ሼል ላይ ኤልኤስሲፒዩ የሚባለውን ትዕዛዝ አስኪደው ሦስት መስመሮችን ያንብቡ፦ የሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ብዛት፣ በአንድ ሶኬት ያለው ኮር፣ በአንድ ኮር ያለው ትሬድ። እዚህ 2፣ 16 እና 2 ይላል።

ከ32ቱ ላይ ለሆስቱ ራሱ ይቀነሳል። ዲስኩ ዲስኮችን በሚያጣምር የሬይድ ካርድ የሚሠራ ተራ ሆስት ከሆነ 2 ኮር ይበቃል። ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት ከነኮምፕሬሽኑ የሚሠራ ከሆነ 3 ወይም 4 ይተዉ። እዚያው ላይ ሴፍ (የብዙ ሰርቨሮችን ዲስክ የሚያጣምር ሶፍትዌር) ካለ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ለእያንዳንዱ የሴፍ አገልግሎት ቢያንስ አንድ ኮር ይያዝለት፣ ማለትም ስድስት ዲስክ ያለው ሆስት ለዲስኮቹ ብቻ ስድስት ኮር ይፈልጋል። በእኛ ምሳሌ 2 ቀንሰን 30 ይቀረናል።

ከዚህ ደረጃ ሳይወጡ ባዮስ ውስጥ ገብተው የኃይል ምርጫውን ይመልከቱ። ብዙ ሰርቨር ከፋብሪካ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሚቆጥብ ምርጫ ነው። ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም ሲቀየር ኮሮቹ ከእንቅልፍ የሚነቁበት ጊዜ ያጥራል፤ አንድ ቪሲፒዩ ሳይጨመር የዳታቤዝ ምላሽ ሲሻሻል የሚታይበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 2፦ የሚፈለገውን መለካት

ነባር ማሽን ወደ ቪኤም የሚቀየር ከሆነ መገመት አያስፈልግም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይለኩት፤ ሁለቱ ሳምንታት የወር መጨረሻን ማካተት አለባቸው። ደመወዝ የሚሠራበት፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሪፖርት የሚወጣበት ቀን ካልተለካ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ዊንዶውስ ላይ ፐርፎርማንስ ሞኒተር ውስጥ የፕሮሰሰር ጊዜ በመቶኛና የፕሮሰሰር ወረፋ ርዝመት የሚሉትን ቆጣሪዎች በየ15 ሰከንዱ እንዲመዘግቡ ያድርጉ። ሊኑክስ ላይ ሲስስታት የሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለው ሳር ይሠራል። ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው በየ10 ደቂቃው ነው፤ የ10 ደቂቃ አማካይ ደግሞ የሁለት ደቂቃ ጭንቅን ውጦ ያስቀረዋል፤ ወደ አንድ ደቂቃ ያውርዱት።

አማካዩን አይውሰዱ። ከተመዘገቡት ቁጥሮች ከፍተኛዎቹን 5 በመቶ ጥለው የቀረውን ጫፍ ይያዙ። ከዚያ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አሮጌው ሰርቨር 8 ኮር አለው፤ በተጨናነቀ ሰዓት 30 በመቶ ይደርሳል። 8 ሲባዛ በ0.30፣ 2.4 ኮር ነው። ቪኤሙ በጭንቅ ሰዓት ከ70 በመቶ በላይ እንዲሞላ አንፈልግምና 2.4ን ለ0.7 እናካፍላለን፤ 3.4 ይመጣል። 4 ቪሲፒዩ። አሮጌው 8 ነበረውና 8 እንስጠው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል።

በሊኑክስ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሎድ አማካይ ቁጥር ሲፒዩ የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ ጠብቀው የተኙትንም ይቆጥራል። ሎዱ 12 ሆኖ ሲፒዩው 80 በመቶ ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል። ቶፕ በሚባለው ትዕዛዝ ላይ «ደብልዩኤ» የሚለው ቁጥር (ዲስክ የተጠበቀበት ጊዜ) ከፍ ካለ ችግሩ ዲስክ ነው፤ ኮር ቢጨምሩ የሚጠብቁት ይበዛሉ እንጂ ዲስኩ አይፈጥንም።

ሌላው የአንድ ትሬድ ሥራ ነው። ፒችትሪን የመሰሉ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞች አንድ ሪፖርት ሲያወጡ በአብዛኛው የሚደገፉት በአንድ ኮር ፍጥነት ላይ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ 4 ቪሲፒዩ ባለው ቪኤም ላይ ሲፒዩው 25 በመቶ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ 8 ባለው ላይ 12.5 በመቶ ላይ። ዊንዶውስ ያንን ትሬድ ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው የየኮሩ ግራፍ የተከፋፈለ ሥራ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጠቅላላውን ቁጥር ይዩ፤ 100ን ለኮሩ ቁጥር ሲያካፍሉ ከሚመጣው ላይ ተጣብቆ ከቀረ አንድ ትሬድ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ መፍትሔው ፈጣን ኮር ነው። ብዙ ኮር ያላቸው የሰርቨር ፕሮሰሰሮች የአንዱ ኮር ፍጥነታቸው ዝቅ ያለ ስለሚሆን፣ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ወደ ትልቅ ሰርቨር የተዛወረ ፕሮግራም ቀስ ቢል ሊያስገርም አይገባም።

ደረጃ 3፦ መነሻ ቁጥር መስጠት

የሚለካ ነባር ማሽን ከሌለ ከሚከተሉት ይጀምሩ። የዲኤንኤስና ዲኤችሲፒ ሊኑክስ፣ 1። የዶሜይን ኮንትሮለር፣ የፋይል ሰርቨር፣ የክትትል ሲስተም፣ ፋየርዎል፣ 2። የዌብ አፕሊኬሽን፣ ሜይል፣ ባክአፕ፣ ከ2 እስከ 4። ዳታቤዝ፣ 4፤ ልኬት ካስገደደ 8። በሪሞት ዴስክቶፕ ለ12 ሰው የተከፈተ ዊንዶውስ፣ ከ4 እስከ 6።

ለማንኛውም ዊንዶውስ ከ2 በታች አይስጡ። አንድ ቪሲፒዩ ብቻ ካለ ዝማኔ ወይም አንቲቫይረስ አንድ ትሬድ ያዘ ማለት ጠቅላላው ማሽን ተያዘ ማለት ነው፤ ሪሞት ገብቶ ማስቆም እንኳ ያስቸግራል። ለጃቫ አፕሊኬሽንም እንዲሁ፦ ጃቫ ከሁለት ያነሰ ፕሮሰሰር ሲያይ በራሱ ፈቃድ ባለ አንድ ትሬዱን ቆሻሻ ሰብሳቢ ይመርጣል፣ አፕሊኬሽኑም በየመሃሉ ይቆማል።

ቁጥሩ 2፣ 4፣ 8 እያለ መሄድ አለበት የሚባለው ልማድ ብቻ ነው። 3 ወይም 6 ችግር የለውም። ልዩነት የሚኖረው ሃይፐር-ቪ ላይ ነው፦ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ጀምሮ በነባሪ የሚሠራው የኮር ስኬጁለር የአንድን ኮር ሁለት ትሬዶች ለሁለት የተለያዩ ቪኤሞች አያካፍልም። 3 ቪሲፒዩ የተሰጠው ቪኤም የአንድ ኮርን ግማሽ ባዶ ያስቀምጣል። እዚያ ላይ ሙሉ ቁጥር ይሻላል፣ ማለትም ለሁለት የሚካፈል።

የሶፍትዌር ሻጩ ሰነድ «ቢያንስ 8 ኮር» ካለስ? እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለትልቁ ደንበኛ የተጻፈ ነው። የድጋፍ ውሉ በዚያ ቁጥር ላይ ካልታሰረ በ4 ይጀምሩና የልኬቱን ግራፍ ይዘው ይነጋገሩ። ከታሰረ ግን 8ቱን ይስጡና ከሌላው ይቀንሱ፤ በችግር ቀን «መጀመሪያ ኮሩን አሟሉ» መባል አያዋጣም።

ደረጃ 4፦ ሶኬት ወይስ ኮር

ፕሮክስሞክስ ሁለት ሳጥን ያሳያል፣ ሶኬትና ኮር፤ ሁለቱ ተባዝተው ጠቅላላውን ይሰጣሉ። 4 ሶኬት በ1 ኮርም፣ 1 ሶኬት በ4 ኮርም 4 ቪሲፒዩ ነው። ለፍጥነት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለፈቃድ ግን ነገር ይበላሻል።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ፕሮ ከሁለት ሶኬት በላይ አይጠቀሙም። 4 ሶኬት ከሰጧቸው ሁለቱን ብቻ ያያሉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ደግሞ ከአንድ ሶኬት ወይም ከ4 ኮር በሚያንሰው ይወሰናል፤ በ4 ሶኬት በ1 ኮር በተዘጋጀ ቪኤም ላይ የሚሠራው በአንድ ኮር ብቻ ነው። ሰዎች ወር ሙሉ ኢንዴክስ ሲያስተካክሉ ከርመው መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ይህን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ 1 ሶኬት አድርገው ኮሩን ያብዙ። ሶኬቱን 2 የሚያደርጉት ቪኤሙ ከአንድ ፕሮሰሰር በላይ ሲሰፋ ብቻ ነው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር በኮር ፈቃድ ለአንድ ቪኤም ሲገዛ ዝቅተኛው 4 ኮር ነው። ለ2 ቪሲፒዩም የ4 ይከፈላል። ከ4 ወደ 8 መውጣት ግን ክፍያውን እጥፍ ያደርጋል። በዚህ ቪኤም ላይ የኮር ቁጥር የገንዘብ ጥያቄ ነውና ከመጨመሩ በፊት ፋይናንስም ይስማ።

ደረጃ 5፦ ኑማ፣ ማለትም የትኛው ራም የማን ጎረቤት ነው

ሁለት ፕሮሰሰር ባለው ሰርቨር ላይ ራሙም ለሁለት ተከፍሎ ነው የተሰካው። በምሳሌያችን እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 128 ጊጋባይት በአጠገቡ አለው። ፕሮሰሰር አንድ ከሁለተኛው ራም ማንበብ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መገናኛ ስለሚሻገር ግን ይዘገያል። አንድ ፕሮሰሰር ከነራሙ የኑማ ኖድ ይባላል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፦ አንድ ቪኤም በኮርም በራምም ከአንድ ኖድ አይለፍ። እዚህ ከ16 ኮርና ከ128 ጊጋባይት በታች ይሁን፣ ለሆስቱ የሚተወውን ጨምረው ካሰቡ ደግሞ ከ14 ኮርና ከ110 ጊጋባይት ገደማ በታች። ራሙን መርሳት የተለመደ ነው፤ 4 ቪሲፒዩ ብቻ ያለው ቪኤም 160 ጊጋባይት ከተሰጠው ከፊሉ ከሩቅ ነው የሚነበበው።

ማለፍ ግድ ከሆነ ቪኤሙ ሁለት ኖድ ላይ መቀመጡን ራሱ ማወቅ አለበት። ፕሮክስሞክስ ላይ የኑማን ምልክት አብርተው 2 ሶኬት ይስጡ፤ ለ20 ቪሲፒዩ 2 ሶኬት በ10 ኮር። በዚህ ቦታ ጎዶሎ ቁጥር እኩል አይከፈልምና ይተዉት። ቪኤምዌር ከ8 በላይ ቪሲፒዩ ሲሰጥ ኑማውን በራሱ ለቪኤሙ ያሳያል። ነገር ግን ቪኤሙ በርቶ ሳለ ሲፒዩ መጨመርን የሚፈቅደው ምርጫ ከበራ ይህ ማሳየት ይጠፋል፤ ከስሪት 8 በፊት ባሉት ላይ ማስቀሪያ የለውም። ለትልልቅ ዳታቤዝ ያንን ምርጫ አጥፍተው ይተዉ።

ኤኤምዲ ኤፒክ ያለው ሰርቨር ካለዎት ኖዱን በሶኬት አይገምቱ። የመጀመሪያው ትውልድ በአንድ ሶኬት ውስጥ አራት ኖድ ነበረው። በ2019 ከወጣው ሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ ራሙ በአንድ ማዕከል ስለሚያልፍ በነባሪ አንድ ሶኬት አንድ ኖድ ነው፤ ባዮስ ውስጥ ግን ወደ 2 ወይም 4 ሊቀየር ይችላል። ኤልኤስሲፒዩ መጨረሻው አካባቢ የኖዱን ብዛት ይነግራል።

ደረጃ 6፦ ድምሩን መሥራት

አሁን ሁሉንም ይደምሩ። ዶሜይን ኮንትሮለር 2፣ ፋይል ሰርቨር 2፣ የሒሳብ ሪሞት ዴስክቶፕ 6፣ ዳታቤዝ 8፣ አፕሊኬሽን 4፣ ሜይል 4፣ ባክአፕ 4፣ ክትትል 2፣ ፋየርዎል 2፣ ሁለት የሙከራ ማሽኖች እያንዳንዳቸው 2። ድምሩ 38 ነው። ለ30 ኮር ሲካፈል 1.3 ገደማ። እጅግ ምቹ ነው። እነዚሁ 11 ቪኤሞች ለእያንዳንዳቸው 8 ቢሰጥ 88 ይሆኑ ነበር፤ 2.9 ለአንድ፣ ከትሬዶቹ ቁጥርም በላይ። የሚሠሩት ሥራ ግን ያው ነው።

ስንት ቪሲፒዩ ለአንድ ኮር ይፈቀዳል? ለዳታቤዝና ምላሹ በሚሊ ሰከንድ ለሚቆጠር ሥራ እስከ 1.5፤ ለተራ የቢሮ ሰርቨሮች እስከ 3፤ ሙከራና ማሠልጠኛ ላይ 5 እና ከዚያ በላይም ይኬዳል። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ቀን ሙሉ ሥራ የሚፈቱ ሃያ ቪኤሞች ባሉበት 4 ለአንድ ምንም አይሰማም፤ ሁሉም ጠዋት 2፡30 ላይ አብረው የሚነሡ ከሆነ 2 ለአንድም ይጨንቃል። ባክአፑ ሌሊት፣ አንቲቫይረሱ በየቪኤሙ በተለያየ ሰዓት ሲደረግ ይኸው ሰርቨር ተጨማሪ ቪኤም ይሸከማል።

አንድ ቪኤም ለብቻው ከሆስቱ አጠቃላይ ትሬድ በላይ ሊሰጠው አይችልም፤ ፕሮክስሞክስ አላስነሣም ይላል። ድምሩ ቢያልፍ ግን አይከለክልም፤ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው።

ደረጃ 7፦ ወረፋውን መለካት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የሆስቱ የሲፒዩ መቶኛ ወረፋን አያሳይም። ሊታይ የሚገባው ቪሲፒዩው ሥራ ይዞ ኮር አጥቶ የቆመበት ጊዜ ነው።

ኬቪኤምና ፕሮክስሞክስ ላይ፣ በሊኑክስ ቪኤም ውስጥ ቶፕን ከፍተው «ኤስቲ» የሚለውን ያንብቡ። «ስቲል» ማለት ነው፣ የተሰረቀ ጊዜ። ከ2 በመቶ በታች ጤና ነው፤ ከ5 በላይ ሆኖ ለደቂቃዎች ከቆየ ሆስቱ ተጨናንቋል። ለዊንዶውስ ቪኤም ከሆስቱ በኩል ይታያል፦ የሊኑክስ ከርነል የሲፒዩ ግፊትን የሚመዘግብበት ፋይል አለ፤ ከፕሮክስሞክስ 9 ጀምሮ ይኸው በግራፍ ተቀምጧል።

ቪኤምዌር ላይ ቁጥሩ «ሬዲ» ይባላል። ኢኤስኤክስቶፕ የሚባለው ትዕዛዝ በመቶኛ ያሳያል፣ የማስተዳደሪያው የቪሴንተር ግራፍ ግን በሚሊ ሰከንድ ነው። የቀጥታው ግራፍ አንድ ነጥብ 20 ሰከንድ፣ ማለትም 20,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። 4 ቪሲፒዩ ያለው ቪኤም 4,000 ካሳየ፣ 4,000 ለ20,000 ሲካፈል 20 በመቶ፣ ለአራቱ ሲካፈል በእያንዳንዱ 5 በመቶ ነው። ወደ አንድ ቀን ግራፍ ሲቀይሩ ግን አንዱ ነጥብ 300 ሰከንድ ይሆናል፤ ያው 4,000 በጠቅላላው 1.3 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ሳያስተውሉ የተደናገጡ ብዙ ናቸው። በአንድ ቪሲፒዩ 5 በመቶ ላይ መከታተል ይጀመራል፤ 10 ሲደርስ ተጠቃሚው ይሰማዋል። ኮ-ስቶፕ ከ3 በመቶ ካለፈ ያ ቪኤም ቪሲፒዩ በዝቶበታል፤ ከመቀነስዎ በፊት ግን የተረሳ ስናፕሾት (የቪኤሙ የቀድሞ ሁኔታ ምዝገባ) አለመኖሩን ይዩ፣ እሱም ያንኑ ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ሬዲ ከፍ ብሎ ሆስቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ለቪኤሙ የሲፒዩ ገደብ ተቀምጦለት ይሆናል፤ በገደብ የቆመበት ጊዜም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

ሃይፐር-ቪ ላይ የሆስቱ ታስክ ማናጀር የሚያሳየው የሆስቱን ዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ቪኤሞቹ አይቆጠሩበትም። ፐርፎርማንስ ሞኒተር ውስጥ ከሃይፐርቫይዘሩ (ቪኤሞቹን ከሚያስኬደው ሶፍትዌር) ስም ጋር የተጻፉትን ቆጣሪዎች ይክፈቱ፤ በእያንዳንዱ ማሳፈር የተጠበቀውን ጊዜ የሚያሳየው ቆጣሪ የሬዲን ቦታ ይይዛል። ጸጥ ባለ ሰዓት ያለውን ቁጥር መዝግበው ከጭንቅ ሰዓት ጋር ያስተያዩት።

ከዚያ ፍርዱ ቀላል ነው። ቪኤሙ ውስጥ ሲፒዩ ሞልቶ ወረፋ ከሌለ፣ በእርግጥ ያስፈልገዋል፤ የአንድ ትሬድ ሥራ አለመሆኑን አረጋግጠው 1 ወይም 2 ይጨምሩ። ቪኤሙ ውስጥ ሲፒዩ ባዶ ሆኖ ወረፋ ካለ፣ ድልድሉ በዝቷል፤ ከትልልቆቹ ይቀንሱ። ሁለቱም ዝቅ ብለው ሥራው ከዘገየ ሲፒዩውን ይተዉት፤ ዲስክ፣ ራም ወይም ኔትወርክ ነው።

ደረጃ 8፦ መቀነስ

መቀነስ ከመጨመር ይበልጣል፤ ሰው ግን ይፈራዋል። 8 ያለው ቪኤም በወር ውስጥ ጫፉ 1.5 ኮር ከሆነ፣ ለ0.7 ሲካፈል 2.1 ነው። በአንድ ጊዜ ወደ 2 አይዝለሉ፤ ወደ 4 ያውርዱ፣ አንድ የወር መጨረሻ ያሳልፉ፣ ከዚያ ወደ 3።

ለውጡን ካስገቡ በኋላ ቪኤሙን ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም። ፕሮክስሞክስ ላይ የቪኤሙ ሂደት ስላልጠፋ አዲሱ ቁጥር በብርቱካናማ ቀለም ተጽፎ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። አጥፍተው ያስነሡት ወይም ከፕሮክስሞክሱ ገጽ ሪቡት ይበሉት። ከዚያ በኮር ልክ በእጅ የተጻፉ ቅንብሮችን ይፈልጉ፦ የኤስኪውኤል ሰርቨር ትይዩ አሠራር ወሰን፣ የጃቫ ትሬድ ቁጥር፣ የፖስትግሬስ ትይዩ ሠራተኞች (ሳይነካ ሲቀር 8 ነው)። 3 ኮር ላይ ለ8 የተጻፈ ቅንብር መቀነሱን ጥፋት ያስመስለዋል።

የሲፒዩ ዓይነትም እዚሁ ይታይ። በአሮጌ ፕሮክስሞክስ የተፈጠሩ ቪኤሞች «ኬቪኤም64» በሚባለው ዓይነት ላይ ይገኛሉ፤ ያ የምስጠራ ማፋጠኛውን ለቪኤሙ አያሳይም፣ ቪፒኤንና ኤችቲቲፒኤስ ያለ ምክንያት ሲፒዩ ይበላሉ። ሞንጎዲቢ ከ5.0 ጀምሮ ደግሞ ኤቪኤክስ የሚባለውን ትዕዛዝ ስለሚፈልግ በዚያ ዓይነት ላይ ጨርሶ አይነሣም። አንድ ሰርቨር ብቻ ካለዎት «ሆስት» ይምረጡ። ቪኤም እየሠራ በተለያየ ፕሮሰሰር መካከል የሚዛወር ከሆነ የሁለቱን የጋራ ደረጃ ይምረጡ።

ቅድሚያና ገደብ

ሁሉም እኩል ወረፋ መያዝ የለበትም። ፕሮክስሞክስ ላይ የሲፒዩ ክብደት በነባሪ 100 ነው። ዳታቤዙን 200፣ የሙከራ ማሽኖቹን 50 ያድርጉ። ክብደት የሚሠራው ጭንቅ ሲኖር ብቻ ነው፣ ኮር ባዶ ሲሆን ማንንም አይከለክልም። የሲፒዩ ገደብ ግን ሆስቱ ባዶ ቢሆንም ያንቃል። 4 ቪሲፒዩ ሰጥቶ ገደቡን 2 ማድረግ ቪኤሙን በየመሃሉ እንዲቆም ማድረግ ነውና 2 ቪሲፒዩ መስጠት ይሻላል። ገደብ የሚገባው ለውጭ ደንበኛ በውል ለተሸጠ ቪኤም ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ዩፒኤሱ ጨርሶ ሰርቨሩ ከጠፋ፣ መብራት ሲመለስ 11 ቪኤም አብሮ ይነሣል። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ቪሲፒዩ ሙሉ ኮር ይፈልጋል፤ ቀን ላይ የማይሰማው ድልድል ያን ጊዜ አገልግሎቶች የመነሻ ጊዜያቸው አልፎባቸው እንዲወድቁ ያደርጋል። አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን ፈልጎ ያጣና ተስፋ ቆርጦ ይቆማል። በእያንዳንዱ ቪኤም ምርጫዎች ውስጥ የመነሻ ተራና የመዘግየት ሰከንድ ይሙሉ፦ ፋየርዎል 1፣ ዶሜይን ኮንትሮለር 2 ከ60 ሰከንድ መዘግየት ጋር፣ ዳታቤዝ 3 ከ90 ሰከንድ ጋር፣ ከዚያ አፕሊኬሽኑና የቀሩት። መዘግየቱ የሚቆጠረው ያ ቪኤም ከተነሣ በኋላ ቀጣዩ እስኪነሣ ነው። የሙከራ ማሽኖች በራሳቸው እንዳይነሡ ያድርጉ፤ የፈለጋቸው ሰው ያስነሣቸዋል።